«ሞተ»፣ «ሞቱ» ወይስ «አረፉ»?

ጥያቄ፦ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ማረፋቸው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. በቴሌቪዥን የተነገረ ዕለት አባቴ «መለስ ሞተ» ሲል አክስቴ «ሞቱ በል እንጂ! ሙት እንዲህ ይጠራል?» ብላ ተቆጣችው። እሱም «አረፉ እንድልልሽ ነው?» አላት። በዚህ የተነሣ ለወራት ተኳረፉ። ሰሞኑን ደግሞ ወሬው ተነሥቶ አባቴ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና…» ብሎ ሲጀምር፣ አክስቴ «እንግዲያው አትውቀስ» ብላ አቋረጠችው። አንዱ የሚያለቅስለት፣ ሌላው የሚደሰትበት መሪ ሲሞት ትክክለኛው ቃል የቱ ነው? «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ማለትስ ክልከላ ነው ወይስ ፈቃድ?

መልስ፦ አባትዎና አክስትዎ በአንድ ቃል የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ ጠባቸው በሁለት ጉዳይ ላይ ነው። አንደኛው የግሡ ምርጫ፣ ማለትም «ሞተ» ወይስ «አረፈ» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ግሡ በአንተታ ወይስ በአንቱታ ይነገር የሚለው ነው። ሁለቱ ተደባልቀው ስለተነሡ አንዳቸው የሌላውን መልስ ሊሰሙ አልቻሉም።

ከግሡ ልጀምር። «ሞተ» የደረሰውን ነገር በስሙ የሚጠራ ቃል ነው፤ ለንጉሥም ለለማኝም ያው ነው፤ አያከብርም፣ አያዋርድም። «አረፈ» ግን ከእምነት የመጣ ነው። የግእዙ ሥር በዐይኑ «ዐ» የሚጻፍ በመሆኑ የድሮ ጸሐፍት «ዐረፈ» ብለው ነው የሚጽፉት፤ ሙሉ ሐረጉም «ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ» የሚል ነው። ሕይወት ድካም፣ ሞት ደግሞ የደካማው ዕረፍት ነው ማለት ነው። በዚያው ሳምንት፣ ነሐሴ 10 ቀን፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሲለዩ «አረፉ» መባሉ ከቤተ ክርስቲያኒቱ የቆየ አነጋገር የመጣ ስለነበር ጆሮ ላይ አልከበደም። ከአራት ቀን በኋላ ነሐሴ 14 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ብራስልስ ውስጥ ሲሞቱ ግን ይኸው ቃል የአመለካከት መለያ ሆነ፤ ለአገር ሲደክሙ ኖረው ዐረፉ ብሎ የሚያምን ሰው ሳይጨነቅ ሲለው፣ እኔ በእሳቸው ዘመን ዕረፍት አላየሁም የሚል ሰው ደግሞ ከአፉ ሊያወጣው አልቻለም። እርስዎም በጥያቄዎ ውስጥ «ማረፋቸው» ብለው ጽፈዋል። ምናልባት ሳያስቡት ይሆናል፤ ነገር ግን አባትዎ ቢያነቡት ከማን ጋር እንደቆሙ ሳይጠይቁዎት አይቀሩም።

በሁለቱ መካከል «ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» የሚል ሐረግ አለ። ለጋዜጣና ለሬዲዮ የምመርጠው ይህንን ነው። መለየቱን ይናገራል፣ የተለዩት በሞት መሆኑን ይናገራል፣ ከዚያ አያልፍም። ረጅም ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ርዝመቱ ራሱ ለመርዶ የሚገባ ይመስለኛል። መርዶ በእኛ ልማድ ገና ሳይነጋ፣ በሽማግሌ አፍ፣ ዘወር ዘወር ተብሎ የሚነገር ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩም ዜና፣ ለሁለት ወር ያህል ከሕዝብ ፊት ጠፍተው ብዙ ከተወራ በኋላ፣ ነሐሴ 15 ቀን በማለዳ ነበር የተነገረው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ግሥ የሞትን ምክንያት የሚመሰክርበት ጊዜ ስላለ፣ በዚያ ጊዜ «ገለልተኛ» የሚመስለው ቃል ገለልተኛ አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስድሳ ያህል ባለሥልጣናትን ሲረሽን የተስፋፋው አነጋገር «እርምጃ ተወሰደባቸው» የሚል ነበር። እርምጃ ከ«ተራመደ» የወጣ፣ የእግር ስም ነው፤ ገዳይም ሟችም አይታይበትም። በዓመቱ ማለቂያ ላይ፣ ነሐሴ 21 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕይወታቸው ሲያልፍ ደግሞ ሬዲዮ በሕመም እንደሞቱ ተናገረ። ኋላ በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በቀረበው ክስ ውስጥ ግን ግሡ «ሞቱ» መሆኑ ቀርቶ «ተገደሉ» ሆነ። «ሞተ» የራሱ የሟቹ ድርጊት ነው፤ «ተገደለ» ግን ከጀርባው አንድ ገዳይ መኖሩን ያስታውቃል። ስለዚህ ሰው ተገድሎ ሳለ «ሞተ» ማለት ጨዋነት አይደለም፤ በሕመም የሞተውንም፣ ማስረጃ ሳይኖር፣ «ተገደለ» ማለት እንዲሁ ነው።

ወደ አንቱታው ልለፍ። አክስትዎ «ሞቱ በል» ያሉት በጋዜጣና በአደባባይ ንግግር ልማድ ከሆነ ትክክል ናቸው፤ አገር ያስተዳደረ ሰው፣ የወደዱትም የጠሉትም፣ በአንቱታ ይጻፋል። አንቱታው የሚሰጠው ለሥልጣኑና ለዕድሜው እንጂ ለሥራው ሽልማት አይደለም። በቤት ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ አይቆረጥም። አማርኛ አንተታን ለንቀት ብቻ አይጠቀምበትም፤ ለእግዚአብሔርም፣ ለልጅም፣ ለጠላትም፣ ለወዳጅም «አንተ» ይላል። ቴዎድሮስን አንቱ ብሎ የሚተርክ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም፤ «መቅደላ ላይ ሽጉጡን ጠጣ» ይላል፣ ድምፁም በፍቅር ይንቀጠቀጣል። ለቅሶ ቤት ገብተው አልቃሿን ያዳምጡ፤ በሕይወት ሳለ «እርስዎ» ሲባል የኖረውን ሽማግሌ በአብዛኛው «አንተ» እያለች ታወርደዋለች፤ ሙሾው በአንቱታ ቢሆን እንባ አይመጣም። ስለዚህ «መለስ ሞተ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በአንዱ አፍ ንቀት፣ በሌላው አፍ የቅርብ ሰው ሐዘን ነው። የአባትዎን ድምፅ ስላልሰማሁ ልፈርድ አልችልም፤ አክስትዎ ግን ሰምተዋል፣ የተቆጡትም ምናልባት በግሡ ሳይሆን በድምፁ ነው።

የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞት በተነገረበት በዚያ ማለዳ እኔ ከሽሮ ሜዳ ወደ አራት ኪሎ በሚወርድ ታክሲ ውስጥ ነበርሁ። ይዘንባል፤ መስታወቱ በእስትንፋስ ደፍርሷል፤ የሹፌሩ ሬዲዮ ዜናውን ደጋግሞ ያነባል። ከፊት የተቀመጡ፣ የፍልሰታን ኪዳን አድርሰው የሚመለሱ እናት ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው «ነፍስ ይማር» አሉ። ከኋላ አንድ ወጣት «አይማር!» አለ፤ ቀጥሎም ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በጥይት የወደቀ የሰፈሩን ልጅ ስም ጠራ። ረዳቱ ሒሳብ መቀበሉን ተወ። ታክሲው ጭጭ ባለበት፣ ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ ማንንም ሳያዩ «ሥራው ያውጣው» አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገረ አልነበረም፤ እናትየውም ወጣቱም ሽማግሌውን አልተቃወሙም። ይህ ዝምታ ከዚያ ወዲህ ሲያሳስበኝ ኖሯል፤ ለምን ሁለቱንም እንዳሳረፈ የገባኝ ሰዋስዉን ቁጭ ብዬ ስመለከተው ነው።

«ነፍስ ይማር» በሚለው ውስጥ ባለቤቱ አልተጠራም፤ የሚምረው እግዚአብሔር ነው፣ ነፍስ ተሳቢ ናት። «ይማር» የሚለው ግሥ «ምሕረት» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው፤ በሐመሩ ሐ ነው። «ትምህርት» ግን በሃሌታው ህ በመሆኑ ሌላ ነው፤ «ይማር»ን «ትምህርት ይቅሰም» ስንልበት «ማ» ይጠብቃል፣ ለነፍስ ስንለው ይላላል። እንግዲህ ምሕረት የሚለመነው ለማን ነው? ለበደለ ነው። በደል የሌለበት ሰው ምሕረት አያሻውም። ስለዚህ «ነፍስ ይማር» ውዳሴ አይደለም፣ ሟቹ መልካም ሰው ነበር የሚል ምስክርነትም የለበትም፤ እንዲያውም የሚምረው ነገር እንዳለ አምኖ ነው የሚነሣው። ይህን ብናስተውል ወጣቱ «አይማር» ለማለት እንዲህ ባልቸኮለ፣ ሌሎችም የእናትየውን ጸሎት የፖለቲካ ድጋፍ አድርገው ባልወሰዱት ነበር። ለመልካምነት ምስክርነት የሚሆነው ሌላ ነው፦ «መንግሥተ ሰማያትን ያውርሳቸው» ወይም በድሮ ጽሑፎች ከስም በፊት የሚገባው «ነፍሰ ኄር»። «ኄር» ቸር፣ ደግ ማለት ነውና፣ ያ ፍርድ አለበት። በሙስሊሞች አማርኛ «አላህ ይዘንለት» የሚለውም እንደ ነፍስ ይማር ምሕረት ልመና ነው፤ እዚህ ላይ «አዘነ» አለቀሰ ሳይሆን ራራ ማለት ነው። «በሞቱ አላዘንኩም» ያለ ሰው ስሜቱን ነገረን፤ «አላዝንለትም» ያለ ሰው ግን ርኅራኄ ነሳ። በአንዲት «ለ» ይህን ያህል ይራራቃሉ፤ ተከራካሪዎች ግን ዘወትር እንደ አንድ ይሰሟቸዋል።

የሽማግሌው «ሥራው ያውጣው» ደግሞ ባለቤቱን ይለውጠዋል። የሚያወጣው እግዚአብሔር አልተባለም፣ ሕዝብም አልተባለም፤ ሥራው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የህዳሴ ግድቡን የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲያስቀምጡ አይተው ያለቀሱት ሰዎች «ሥራው»ን ሲሰሙ ግድቡን ያስባሉ፤ የታክሲው ወጣት የጎረቤቱን ልጅ ያስባል። ምክር አልሰማ ላለ ልጅ በቁጣ «ሥራህ ያውጣህ» ስለሚባል፣ የተደበቀ እርግማን ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። እርግማን ቢሆን «ያጥፋው» ይል ነበር እንጂ «ያውጣው» አይልም። ነፍስ ይማር ለማለት አፉ እንቢ ያለው፣ ለመራገም ደግሞ ኅሊናው የከለከለው ሰው አለ፤ አማርኛ ለእርሱ ያስቀመጠለት ቃል ይህ ነው።

የደስታ ቃላቱንም ልዝለላቸው አልችልም፤ ብዙ ሰው የተቀያየመው በእነሱ ነውና። «ተገላገልን» የሚለው ቃል ለወለደች ሴት የምንለው «ተገላገለች» ነው፤ የሸክም መውረድ ነው። ባለቤቱ «እኛ» ነን፤ ስለ ሟቹ አይናገርም፣ ስለ ተናጋሪው መከራ ይናገራል። ልጁን ያጣ ሰው እንዲህ ቢል የቋንቋ ሊቅ ሊያርመው አይገባም። «የእጁን አገኘ» ግን ሌላ ነው፤ ሞትን ቅጣት ያደርገዋል። ሰው በሕመም ሞቶ ሳለ እንዲህ ማለት ነገሩን ያልሆነውን ማድረግ ነው፤ ሕመም ደጉንም ክፉውንም ይወስዳል። ፍርድ ቤት ቀርቦ የተቀጣ ሰው የእጁን አገኘ ቢባል ያምርበታል፣ አልጋ ላይ ለሞተ ግን አይሆንም።

በዚያው ሰሞን በአማርኛችን የገቡትን ሁለት ቃላት ጠቅሼ ልለፍ። «ሌጋሲ» በአንድ ክረምት ከዜና አንባቢ እስከ ቀበሌ ስብሰባ ተሰማ፤ «ውርስ» እና «ትሩፋት» እያሉን ለምን እንዳስፈለገን አልገባኝም፤ ምናልባት ውርስ ሲባል ዕዳም እንደሚወረስ ስለሚያስታውስ ይሆናል። «ባለራዕይ»ም ያኔ በየግድግዳው ተለጠፈ። ሥሩ «ርእየ»፣ አየ፣ ስለሆነ አጻጻፉ «ራእይ» ነው፣ በአልፋው እ።

አሁን ወደ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ»። አወቃቀሩ «እንጨት ፈላጭ»፣ «ውሃ ቀጂ» እንደሚባለው ነው፤ ተሳቢ ስም ይቀድማል፣ አድራጊው ይከተላል። እንዲህ ያለው ጥምረት አንድ ጊዜ ያደረገን ሰው አይሰይምም፤ አንዲት እንስራ የቀዳ ሰው ውሃ ቀጂ አይባልም፤ ሥራው፣ ጠባዩ የሆነ እንጂ። ስለዚህ ተናጋሪው የሚለምነው ስለ ሟቹ እውነት እንዳይናገር መከልከልን አይደለም፤ ሙትን መውቀስ ልማዱ እንደሆነ ሰው እንዳይቆጠር ነው። «ወቀሰ» የሚለው ግሥም ይረዳናል። ወቀሳ ፊት ለፊት የሚሆን፣ መልስ የሚጠብቅ ነገር ነው፤ ወዳጆች ሲቀያየሙ ይወቃቀሳሉ፣ ተወቃቅሰውም ይታረቃሉ። ሙት መልስ ስለማይሰጥ ወቀሳው ግማሽ ሆኖ ይቀራል፤ ሰው የሚሳቀቀው በዚህ ነው። «በዘመኑ ይህ ተደርጎ ነበር» ማለት ግን ወቀሳ አይደለም፣ ምስክርነት ነው፤ መልስ የሚሰጡ በሕይወት ያሉ ሰዎችም አሉ።

ደግሞም አባትዎ «አያድርገኝ» ብለው አልቆሙም፤ «አያድርገኝና» ነው ያሉት። ያ «ና» ዓረፍተ ነገሩን ክፍት ያደርገዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣ ዋና ግሥ ይጠብቃል። አክስትዎ «አትውቀስ» ብለው ያቋረጡት ገና ወቀሳ ይሁን ምስክርነት ባልታወቀ ንግግር ላይ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲገናኙ አባትዎ ከ«ና» በኋላ ያለውን ይጨርሱት፣ አክስትዎም እስከ ግሡ ድረስ ይታገሡ፤ የሚመልሱት ካላቸው ከዚያ በኋላ ተራው የእሳቸው ነው።