«ቀኝ ልቧ ሰፍቷል» ተባልን፣ ከምን መጣ?

ጥያቄ፦ ቡራዩ ነው የምንኖረው። እናቴ 54 ዓመቷ ነው፣ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ማታ ማታ ሁለቱም እግሯ ያብጣል። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሣችና «ቀኝ ልብሽ ሰፍቷል» አሏት። የሽንት መድኃኒት ሰጥተው ሸኙን። ከምን መጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ቀኝ ልብ ሰፍቷል» የበሽታ ስም አይደለም። ቀኙ ልብ ደም ወደ ሳንባ ይገፋል፤ የሳንባው ደም ሥር ግፊቱ ሲጨምር ወይም የሚመጣበት ደም ሲበዛ ይለጠጣል። የሽንት መድኃኒቱ እብጠቱን ይቀንሳል እንጂ ምክንያቱን አይነካም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ግራው ነው። እኛ አገር በልጅነት ቶንሲል በደንብ ሳይታከም ቀርቶ፣ በሪውማቲክ ትኩሳት የልብ ቫልቩ የተጎዳ ሰው ብዙ ነው። ሚትራል የሚባለው የግራ ቫልቭ ሲጠብ ደሙ ወደ ሳንባ ተመልሶ ይጠራቀማል፣ ጫናው በቀኙ ላይ ያርፋል። የኢኮው ወረቀት ስለ ሚትራል ምን እንደሚል ሐኪሙን ጠይቂ።

ሁለተኛው ሳንባን የሚጎዳው የማገዶ ጭስ ነው። በሩ ገርበብ ባለ ማድ ቤት፣ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል እየማገዱ፣ ጥላሸቱ ከቆርቆሮው ሥር እንደ ክር ተንጠልጥሎ፣ እናትሽ ስንት ዓመት ጋገሩ? ይሄን ለሐኪሙ ሳይጠየቁም ይንገሩ። ቲቢ ታመው ከነበረም እንደዚያው። የደረት ራጅ፣ የትንፋሽ አቅም መለኪያና በጣት የሚለካ ኦክስጅን ብዙ ይናገራሉ።

ከልደት ጀምሮ በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳም አለ። እስከ 40 እና 50 ዓመት ድረስ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፣ ተራው ኢኮም አንዳንዴ ያልፈዋል። የተናጠ ጨዋማ ውሃ በደም ሥር እየሰጡ አረፋው ወደ ግራ ሲሻገር የሚያዩበት ምርመራ አለ።

በሳንባ ውስጥ የረጋ ደምም መታየት አለበት። ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ፣ ደም ካሳላቸው ወይም አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመማቸው ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

ኢኮ የሳንባውን ደም ሥር ግፊት የሚገምት ነው። በትክክል የሚለካው በደም ሥር ገብቶ ልብ ውስጥ በሚደርስ ቀጭን ቱቦ ነው፤ በእረፍት የሳንባው አማካይ ግፊት ከ20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ካለፈ ከፍ ያለ ነው ይባላል። ሁሉም ሰው ግን ይሄ አያስፈልገውም፣ የልብ ስፔሻሊስት ይወስን።

እስከዚያ መድኃኒቱን አያቋርጡ። ምጣዱን ደግሞ ዛሬውኑ ከዚያ ክፍል አውጡት፣ የኤሌክትሪክ ካልተገኘ ግቢ ውስጥ አየር ላይ ይሁን፣ ማገዶውንም ሌላ ሰው ያንድድላቸው።