አዋጁ ወጣ፤ ከዚያስ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳር፣ ከዘጌና ከጎርጎራ የደረሱን ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ ባርነት በአገራችን እንዴት ቀረ፣ ምንስ ትቶ ሄደ። እንዳመጣጣቸው እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ አንድ ተማሪ «ባርነት የተከለከለበትን ዓመት አንዱ መጽሐፍ 1916፣ ሌላው 1924፣ ሌላው 1942 ይላል፤ የቱን ልያዝ?» ይላል።

መልስ፦ ግማሹ ግራ መጋባት ከዘመን አቆጣጠር የመጣ ነው። በእኛ መጋቢት 1916 የሚባለው በአውሮፓውያን መጋቢት 1924 ነው። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በመስከረም 1916 ሰው መሸጥና መግዛት በሞት እንደሚያስቀጣ ታወጀ። መጋቢት 22 ቀን 1916 የወጣው ደንብ ባሪያዎችን ቀስ በቀስ ነጻ ማውጣት ጀመረ፤ በ1923 ተሻሻለ። የባርነትን ሕጋዊነት ፈጽሞ የሻረው ነሐሴ 20 ቀን 1934 የወጣው አዋጅ ቁጥር 22 ነው፤ በአውሮፓውያን 1942 የሚባለው እርሱ ነው። ፈተና ላይ «በሕግ የተወገደበት» ከተባልክ 1934 ብለህ ጻፍ። «ንግዱ የታገደበት» ከተባልክ ግን ተጠንቀቅ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስም ቀድመው ከልክለው ነበር። ዓመቱን ስትጽፍ ደግሞ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትህን አትርሳ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ትልቅ የባሪያ ገበያ ነበረባት ወይ?

መልስ፦ እርሷ አትጠቀስም፤ በጎጃምና በጎንደር መስመር በባሪያ ገበያነት ስማቸው የሚነሣው ባሶ፣ ጎንደርና መተማ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከዓለም አገሮች ሁሉ በመጨረሻ ባርነትን በሕግ የሻረው የትኛው ነው?

መልስ፦ ሞሪታኒያ፣ በ1981 እ.ኤ.አ.። በወንጀል የሚያስቀጣ ያደረገችው ግን በ2007 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥያቄ፦ አንድ የዘጌ አንባቢ ተቆጥተዋል። «ዘጌ የመነኮሳትና የቡና አገር ነው፤ የባሪያ ወሬ ስማችንን ለማጥፋት የመጣ ነው» ይላሉ። በዚያው ሳምንት ሌላ የዘጌ ሰው ደግሞ «አዋጁ ከወጣ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ለምን ዛሬም ‹የባሪያ ልጅ› እንባላለን?» ብለው ጽፈዋል።

መልስ፦ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው መልሱን ያገኘዋል። ቢሆንም በዝርዝር ልመልስ። በጣና ሐይቅ ዳር ባለችው በዘጌ በገዳሙ ሥርዓት በበሬ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ነው፤ ጫካው የተረፈውም በዚሁ ነው። በሬ በሌለበት ግን ሥራው ሁሉ በሰው እጅና ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ከቡናው ሥር ማረሙ፣ የበሰለውን ፍሬ እየመረጡ መልቀሙ፣ ማስጣቱ፣ ወደ ሐይቁ ዳር መሸከሙ። ቡናው ተሽጦ ጤፍ ይገዛል። ቡናው ገንዘብ ካመጣ በኋላ ሀብታሙ የጉልበቱን ክፍተት በባሪያ ሞላው። ይህን መናገር የገዳሙን ክብር አይነካም፤ የለቀሙትንና የተሸከሙትን ሰዎች ግን ከታሪክ መሰረዝ ሁለተኛ በደል ነው።

አሁን ወደ አዋጁ። የ1916ቱ ደንብ ከዚያ በኋላ የሚወለደውን ነጻ አደረገ። ለተቀሩት ግን ነጻነትን ከጌታው ሞት ጋር አሰረው፤ ጌታው ሲሞት ወራሾቹ እስከ 7 ዓመት ማቆየት ይችሉ ነበር። በ1923 ይህ ወደ አንድ ዓመት ወረደ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ነጻ መውጣት የሚፈልገው ሰው ጌታው መቼ እንደ ሞተ ማስረዳት፣ ዳኛ ፊት መድረስ፣ በወራሾቹ ላይ መመስከር ነበረበት፤ ያን ሁሉ ጊዜ የሚያድረውና የሚበላው ደግሞ በእነዚያው ወራሾች ቤት ነው። ነጻ ቢወጣስ ወዴት ይሄዳል? በጎጃም መሬት የሚገኘው በርስት፣ አጥንት ተቆጥሮ ነው፤ ከሩቅ ተነጥቆ የመጣ ሰው የሚቆጥረው አያት እዚህ አገር የለውም። ስለዚህ ብዙው ሰው በስም ነጻ ተብሎ እዚያው ቤት ቀረ። የ1934ቱ አዋጅ መጠባበቁን አስቀረ፤ መሬት ግን አልሰጠም። የአጥንት ቆጠራን ከመሬት የለየው የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው፤ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ያለ ጾታ ልዩነት መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። በሁለቱ መካከል 33 ዓመት አለ። «የባሪያ ልጅ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ የተጣበቀበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሕጉ የሰውየውን መዓርግ ሲቀይር ኑሮውን ባለበት ተወው።

የአያቶቻችሁን ታሪክ መመዝገብ የምትሹ ደግሞ ቅረጹ፤ ነገር ግን የሰው ስም ከመዘርዘራችሁ በፊት ልጆቻቸውን አስፈቅዱ። ዓመት አትጠይቁ፤ «ጣሊያን ሲገባ ስንት ዓመትዎ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ኑዛዜና የርስት ሽያጭ በጥንት ወንጌሎች ባዶ ገጾች ላይ ስለሚገኝ የደብሩን አለቃ አነጋግሩ።

ጥያቄ፦ ወይጦዎች የባሪያ ዘር ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ነገደ ወይጦ ጉማሬ በማደን፣ የደንገል ታንኳ በመሥራትና የወፍጮ ድንጋይ በመጥረብ የኖሩ የሐይቁ ሰዎች ናቸው። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ከማዕድና ከጋብቻ ተገለሉ። ይህ ከባድ በደል ነው፤ ግን ሌላ በደል ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ወጣት ሽማግሌ ልኮ «አያቱ ባሪያ ነበሩ፤ አጥንቱ አይሆንም» ተብሎ ተመልሶበታል። ልጅቱ ፈቃደኛ ናት።

መልስ፦ ሕጉ የሚጠይቀው የሁለታችሁን ነጻ ፈቃድ፣ 18 ዓመት መሙላትንና የተከለከለ ዝምድና አለመኖሩን ነው። ለአካለ መጠን ከደረሳችሁ የወላጅ ፈቃድ ግዴታ አይደለም፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከየወገናችሁ ሁለት ሁለት ምስክር ይዛችሁ መጋባት ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ ሽማግሌ ላክ። በዚህኛው ዙር የእርሷ አጎትና የቤተሰቡ የነፍስ አባት ይኑሩበት፤ ቤተ ክርስቲያን በዘር ምክንያት ጋብቻ እንደማትከለክል ከእርሳቸው አፍ ቢሰሙት ይሻላል። የአያትህን ነገር አትደብቅ፤ ከሠርግ በኋላ የተሰማ እንደሆነ የሚጎዳው ትዳሩ ነው። ልጅቱን የሚያስፈራራ ካለ ግን ሽምግልናው ይቁምና ለፖሊስ ይነገር።

ጥያቄ፦ አንዲት የባሕር ዳር እናት፣ ጎረቤታቸው ዘንድ ደላላ ያመጣት የ13 ዓመት ገደማ ልጅ አለች ይላሉ። ደመወዟን «እናስቀምጥልሻለን» እያሉ ይይዙባታል፤ በር ተቆልፎባት ትውላለች፤ አገሯ ልመለስ ስትል ይከለክሏታል። «የሰው ቤት ጉዳይ ነው ብዬ ዝም ልበል ወይ?»

መልስ፦ ዝም አይበሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ባርነትንና በሰው መነገድን ይከለክላል። በሌላ ሽፋንም ቢሆን ሰውን በባርነት መያዝ ከባድ ወንጀል ነው፤ የደላላውን ነገር አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ይመለከታል። የትኛው አንቀጽ እንደሚጠቀስ የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ቢከለክልም የቤት ውስጥ ሥራን በራሱ አይሸፍንም። ስለዚህ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ «አይመለከተንም» ቢልዎት እዚያ አይቁሙ፤ በቀጥታ ወደ ፖሊስና ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ይህን አጥብቄ የምለው፣ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ደላላውን ቀድመው ከጠየቁት ልጅቱን በሌሊት ሌላ ቤት ያስገባታል። ራስዎ አውጥተው ቤትዎ ቢያኖሯት ደግሞ ተከሳሽ ሊያደርጉዎት ይችላሉ። ከመሄድዎ በፊት የልጅቱን ስም፣ የመጣችበትን ወረዳና ቀበሌ፣ የመጣችበትን ወር፣ የተነገራትን ደመወዝና የደላላውን ስልክ በወረቀት ይያዙ። ያልተከፈለውን ደመወዝ ወላጆቿ በወረዳ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ፤ አቤቱታ ለመጻፍ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ አለው። ዕድሜዋ የደረሰ ሠራተኛ ያለዎት አንባቢዎችም ውሉን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ ደመወዙን፣ የሚከፈልበትን ቀንና የዕረፍት ቀኗን አስፍሩ፤ ክፍያው በራሷ ስም በባንክ ወይም በቴሌብር ይግባ።