ቀይ ባሕር ላይ ሦስት ሳንቡክ የያዘችው መርከብ

«በቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ትናንሽ የጦር መርከቦች ቀይ ባሕር ላይ እውነት የባሪያ ነጋዴ ይይዙ ነበር? ዛሬ ሄዶ ማየት የሚቻል መርከብስ አለ?» ብለህ ጠይቀሃል፣ ወንድሜ። ለሁለቱም መልሴ አዎ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መርከቦቹ ጋንቬሰልና ስሉፕ ይባላሉ። ሸራም የእንፋሎት ሞተርም አላቸው። ሥራቸው ከአገራቸው ርቀው ለዓመታት ባሕር መጠበቅ ነው። አጽማቸው ብረት፣ ልባሳቸው እንጨት፣ ከውኃ በታች ያለው ደግሞ በመዳብ የተለበጠ ነው። መዳቡ አረምና ዛጎል እንዳይጣበቅባቸው ይከላከላል። ብረት ላይ በቀጥታ ቢለበጥ ግን ጨው ውኃው ብረቱን ይበላዋል። እንጨቱ የገባው ለዚህ ነው።

እኔ የማተኩረው ኦስፕሬይ በተባለችው ስሉፕ ላይ ነው። በ1876 ሺርነስ ላይ ባሕር ወረደች። በ1879 አላስካ ነበረች፤ የሲትካ ነዋሪዎች ጥቃት ፈርተው እርዳታ ሲለምኑ፣ የአሜሪካ መርከብ እስኪደርስ የጠበቀቻቸው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ወደ እኛ አካባቢ መጣች። መስከረም 1888፣ በእኛ 1881 ዓ.ም. እንደባተ፣ በኮማንደር ቻርልስ ጊሲንግ አዛዥነት ከአፍሪካ ጠረፍ ከራሄይታ ወደ የመኗ ሞካ የሚሻገሩ ሦስት ሳንቡኮችን፣ የዓረብ የሸራ ጀልባዎችን፣ ያዘች። 204 የኦሮሞ ተወላጆች ተጭነውባቸው ነበር። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ወደ ኤደን ወሰደቻቸው።

እዚያ በስኮትላንድ ሚሲዮን እጅ ካደጉት ነጻ የወጡ ልጆች 64ቱ፣ 42 ወንዶችና 22 ሴቶች፣ በ1890 ደቡብ አፍሪካ ላቭዴል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከመካከላቸው አንዷ ቢሾ ጃርሳ ናት። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር አፓርታይድን ታግሎ ሮበን ደሴት 10 ዓመት ታስሯል። ልጆቹ ከየት እንደተያዙና በማን በማን እጅ እንዳለፉ የተናገሩት ተመዝግቦ ቆይቷል። ለእኔ ይህ ቃል ከየትኛውም የመርከብ መዝገብ ይበልጣል። የተሸጡት ራሳቸው፣ ገና ልጅ ሳሉ የተናገሩት ነውና።

የባሕር ኃይሉ ሥራ ሁሉ ጽድቅ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ኮንዶር የተባለችው ጋንቬሰል በ1882 እስክንድርያን ከደበደቡት መርከቦች አንዷ ናት።

ኦስፕሬይ በ1890 ተሸጠች። የቀረችልን የቅርብ ዘመዷ ጋኔት ናት። እዚያው ሺርነስ ተሠርታ በ1878 ባሕር ወረደች። በ1888 በሱዳኗ ወደብ ሱዋኪን ላይ የማህዲስቱን የጦር መሪ የዑስማን ዲግናን ተዋጊዎች በመድፍ መታች። ራስ አሉላ በ1885 ኩፊት ላይ ጦሩን የደመሰሱበት ዑስማን ዲግና ማለት ነው። ኋላ የወጣቶች ማሠልጠኛ ሆና ረጅም ዘመን በመቆየቷ ከመፈራረስ ተረፈች። ዛሬ ከለንደን በባቡር ብዙ በማይርቀው በቻተም የቀድሞ የመርከብ መሥሪያ ቆማለች።

ስጎበኛት መድፎቹ ጋ ብዙ አልቆየሁም። ርዝመቷ 52 ሜትር ገደማ ነው። ዘመዷ ኦስፕሬይ ከመርከበኞቹ በተጨማሪ ያን ሁሉ ልጅ የት የት እንዳስቀመጠች እያሰብኩ ከላይ እስከ ታች ዞርኳት። ጠባብ ናት፤ በጣም ጠባብ። የታችኛውን ወለል ሳታይ እንዳትመለስ።

ምክሬን ከወሰድክ፣ መጀመሪያ የልጆቹን ቃል ፈልገህ አንብብ። ቻተም የምትሄደው ከዚያ በኋላ ይሁን።