ፓምፑ ቆሟል፣ ሚዲያው ግን አልወረደም

ከቡራዩ አንዲት እህት ጽፋልናለች። ጓሮዋ ባለች ክፍል ውስጥ ጉደኔ የተባለውን የድንች ዝርያ ቡቃያ በፈሳሽ ሚዲያ፣ ማለትም ቡቃያው በሚመገበው ፈሳሽ፣ ታባዛለች። ባዮሪአክተሩን፣ ማለትም ቡቃያው የሚያድግበትን መሣሪያ፣ የገጣጠመችው ራሷ ናት። ታች የሚዲያ ጠርሙስ፣ ላይ የቡቃያ ጠርሙስ፣ በመሃል የሲሊኮን ቱቦ አለ። ሚዲያውን ወደ ላይ የሚገፋው የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ነው። ታይመሩ በየ6 ሰዓቱ ለ3 ደቂቃ ያስነሳዋል፤ ሲዘጋው ሚዲያው ወደ ታች መመለስ አለበት። ቡቃያው ግን ያብጣል፣ መስታወት ይመስላል፣ ሲነኩት ቀጭ ይላል። "ሆርሞኑ በዝቶ ይሆን? ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው መሰለኝ፣ አንዳንድ ጠዋት ሚዲያውን ላይኛው ጠርሙስ ውስጥ እንዳለ አገኘዋለሁ" ትላለች።

እህቴ፣ ሆርሞኑን ለጊዜው አትንኪው። ሲበዛ እንዲህ ማድረጉ እውነት ነው። ያንቺ ችግር ግን ጠዋት ያየሽው ነገር ላይ ነው። ለፓምፑ እኮ መብራት መጥፋትና ታይመር መዝጋት አንድ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ሚዲያው ካልወረደ፣ ታይመሩ ሲዘጋም በደንብ አይወርድም ማለት ነው።

የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ሆዱ ውስጥ ትናንሽ የላስቲክ ክዳኖች አሉት። አየር ወደ ውጭ ያሳልፋሉ፣ ወደ ኋላ አይመልሱም። ፓምፑ ሲቆም ታችኛው ጠርሙስ ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ያጣል፣ ሚዲያውም ላይ ይቀራል። ክዳኑ ትንሽ ካሾለከ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ አንቺም ስትገቢ ወርዶ ስለምታገኚው ደህና ይመስልሻል። 3 ደቂቃ ያልሽው ግን ሰዓታት ሆኗል። በዚያ ላይ እኛ ያለነው 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ቡቃያሽ እየታፈነ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከፓምፑ በሚወጣው ቱቦ ላይ፣ ጀርም ከሚያግደው የ0.2 ማይክሮን ፊልተር በፊት፣ ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማያያዣ) አስገቢ። ሦስተኛውን አፍ ክፍት ተዪና በመቆንጠጫ አጥብቢው። ፓምፑ ሲሠራ ጥቂት አየር ይባክናል፣ ግድ የለም። ሲቆም የታፈነው አየር በዚያው ይወጣል። ፊልተሩ በቲውና በጠርሙሱ መካከል ስለሆነ ጀርም አይገባም። በኤሌክትሪክ ቫልቭም ይሠራል፣ እኔ ግን ቲውን እመርጣለሁ፤ የሚቃጠል ነገር የለውም።

ላይኛው ጠርሙስ ውስጥ ቱቦው እስከ ወለሉ ይድረስ። ታች ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ያህል ሚዲያ ይቅር። ቱቦው አየር ከሳበ ሚዲያው መመለሱን ያቆማል። የላይኛው ጠርሙስ መተንፈሻ ፊልተርም አይርጠብ፣ ከረጠበ ያው ችግር ይመጣል።

ያበጡትን ቡቃያዎች ለይቻቸው። ግንዳቸው ገና አረንጓዴ የሆኑትን አጋር (ፈሳሹን የሚያረጋ ዱቄት) ባለው ጠጣር ሚዲያ ላይ፣ አየር በሚያሳልፍ ክዳን አሳርፊያቸው። እስከ ሥራቸው መስታወት የሆኑትን ጣያቸው፣ አይመለሱም።

አዲስ ቡቃያ ከማስገባትሽ በፊት ግን በንጹሕ ውሃ ብቻ ሞክሪው። ውሃው ላይ እያለ ሶኬቱን ንቀይና ሰዓት ያዢ። በ2 ደቂቃ ውስጥ ካልወረደ መቆንጠጫውን ትንሽ አላልተሽ ድገሚው።