ሐይቅ ዳር፣ በሰው ቤት ማደር፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ቤተሰብ በሚያስተዳድራቸው አነስተኛ የሐይቅ ዳር ማረፊያዎች ላይ ያተኮሩትን አራቱን መርጠን በዚህ እትም እንመልሳለን። ሁሉም ከሞላ ጎደል ወደ አንድ ጉዳይ የሚያመሩ በመሆናቸው መልሶቹን ተከታትሎ ማንበቡ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ በልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ከባለቤቴ፣ ከልጆቻችንና ከጎረቤቶቻችን ጋር ሐይቅ ዳር ጥቂት ቀን ለማሳለፍ አስበናል። ትልቅ ሪዞርት አንፈልግም፤ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር የሚያስተዳድሩት፣ ምግቡም በቤት የሚሠራበት ማረፊያ ነው የምንሻው። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ እንዲህ ያለ ቤት አለ ተብለን ስልኩን አግኝተናል። እኛ ክርስቲያኖች፣ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ነን። ከመሄዳችን በፊት ምን ምን ብንጠይቅ ይበጃል? (ወ/ሮ ት.፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ውድ ወ/ሮ ት.፣ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ቅሬታ የሚወለደው አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ከይሉኝታ ነው። እንግዳው ደርሶ፣ ቡና ተፈልቶለት፣ ልጆቹ ከባለቤቶቹ ልጆች ጋር መጫወት ከጀመሩ በኋላ «ለመሆኑ እራቱ በስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍረዋል፤ ባለቤቲቱም በበኩሏ «ተጨማሪ ፍራሽ ያስከፍላል» ለማለት አፏ አይፈታላትም። ሁለቱም ዝም ብለው ይሰነብቱና ሂሳቡ ሲወጣ ሁለቱም ይከፋቸዋል። ስለዚህ ለመጠየቅ የሚያሳፍረውን ሁሉ ገና ድሬዳዋ ሳላችሁ፣ ፊት ለፊት ሳትተያዩ፣ በስልክ ጨርሱት፤ የተስማማችሁበትንም በአጭር መልእክት ጽፋችሁ ላኩላቸው። ቀብድ ከተጠየቃችሁ በቴሌብር ወይም በባንክ መላኩ ሁለታችሁንም ይጠቅማል፤ የላካችሁበት ማስረጃ በእጃችሁ ይቀራል፣ እነርሱም አልጋውን ለሌላ አይሰጡባችሁም። ሐሳባችሁን ብትለውጡ ቀብዱ ይመለስ እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ።

ዋጋው በክፍል ነው ወይስ በሰው? ልጆች ከወላጅ ጋር ሲተኙ ይቆጠራሉ? ቁርስ ይጨምራል? ምሳና እራት በዝርዝር የሚታዘዝ ነው ወይስ ቤቱ የሠራውን ነው የሚቀርበው? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ችላ መባል የለበትም፤ በቤተሰብ ማረፊያ ወጥ የሚሠራው ለታወቀ ሰው ቁጥር ነውና፣ «እራት እዚያው እንበላለን» ብላችሁ ሳትናገሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ብትመጡ ባለቤቲቱ ለራሷ ልጆች ያስቀመጠችውን ልታቀርብላችሁ ትችላለች። ውሃውንም ጠይቁ፦ የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ሮቶ አለ ወይ፣ የገላ መታጠቢያው ሙቅ ውሃ ስንት ሰው ያስታጥባል፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይነሣል ወይስ ሻማ ነው? ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ሙቅ ውሃ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ቢሾፍቱ ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በጥር ሌሊት ሐይቅ ዳር ያለው ብርድ የእኛን ከተማ ልጅ በቲሸርት አያስወጣውም። ሹራብና ካልሲ አትርሱ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ መኖሩንም አረጋግጡ።

ወደ ማዕዱ ልመለስ፤ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር አብሮ የመብላቱ ጉዳይ በእናንተ ዘንድ የተለመደ ቢሆንም በማያውቋችሁ ሰዎች ኩሽና ውስጥ ግን የተለመደ ላይሆን ይችላል። ማጀቱ አንድ፣ ድስቱም ጥቂት ነው፤ «የሙስሊም ሥጋ እናመጣለን፣ ለብቻው ይሠራልን» ብላችሁ ከደረሳችሁ በኋላ ብትጠይቁ ባለቤቲቱን ታስጨንቃላችሁ። ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ግን ወይ የተለየ ድስት ታዘጋጃለች ወይ አልችልም ትላለች፤ ሁለቱም መልስ ነው። ከሁሉ የሚቀልለው መንገድ ግን የሐይቁ ዓሣ ነው፦ የማን ቢላዋ አረደው የሚል ጥያቄ ስለማያስነሣ የሁለቱም ቤተሰብ ልጆች ከአንድ ሳህን ቆሮሶ ጥብስ መብላት ይችላሉ፤ ዘይቱ ቀደም ሲል ሥጋ ያልተጠበሰበት መሆኑን ብቻ ጠይቁ። እናንተ ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነም ንገሯቸው፤ ዓሣን በጾም የሚያቀርብ ቤት እንዳለ ሁሉ ፈጽሞ የማያስጠጋም አለና የእናንተን ልማድ እንዲገምቱ አትተዉዋቸው።

ለመንገዱ፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛ በሚያመላልሰው አዲሱ ባቡር አዳማ ወርዳችሁ የቀረውን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና መጨረስ ለልጆች ከአውቶቡሱ ይቀልላል። የባቡሩን ቀንና ሰዓት ግን ክፍሉን ከመያዛችሁ በፊት አጣሩ፤ ጣቢያውም ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ያለ መሆኑን አትዘንጉ። ለገሃር ያለው የድሮው ጣቢያ የሚመስለው ሰው ዛሬም አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ሐረማያ ሐይቅ ተመልሷል እየተባለ ነው። እስከ ቢሾፍቱ ከመሄድ እዚያው ሐይቁ ዳር አድረን ብንመለስ አይሻልም? (አቶ መ.፣ ሸንኮር፣ ሐረር)

መልስ፦ ጥያቄዎ የብዙ ሐረሮች ነው፤ ሐረማያ፣ በድሮው አጠራር ዓለማያ፣ ለከተማዋ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን የመጠጥ ውሃዋም ነበርና። ሐይቁ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ፈጽሞ ደርቆ ወለሉ የከብት መዋያና የእርሻ መሬት ሆኖ ነበር። ምክንያቱ አንድ አልነበረም፤ በዙሪያው ያለው የጫትና የአትክልት ማሳ በየሞተር ፓምፑ ይጠጣው ነበር፣ ሐረርም ሆነች በአካባቢው ያሉት ከተሞች ይቀዱት ነበር፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚታጠበው አፈር ደግሞ ወለሉን ይሞላው ነበር። ሐረር ዛሬ የምትጠጣው ከድሬዳዋ በኩል፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች እየተሳበ ሽቅብ የሚገፋላትን ውሃ ነው። በ2010ዎቹ ግን ሐይቁ እንደገና ውሃ ይዟል፤ ወፎቹም ተመልሰዋል፤ ከሐረር ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ማየት የሚገባ ነገር ነው።

ሆኖም ለማደሩ የተለየ ምክር አለኝ። የሐረማያ ውሃ ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑ ዳርቻው ከክረምት እስከ በጋ ብዙ ይሸሻል፤ በመስከረም ፎቶግራፍ ውስጥ ከበሩ ሥር የሚታየው ውሃ በሚያዝያ ከጭቃ ማዶ ሊሆን ይችላል። ማንም «ሐይቅ ዳር ነው» ብሎ ክፍል ሊያከራይዎ ቢፈልግ ፎቶው የየትኛው ወር እንደሆነ ይጠይቁት። ከዚህ ይልቅ በግንብ በታጠረችው የድሮዋ ሐረር፣ በጁገል ውስጥ የሐረሪ ቤተሰቦች ለእንግዳ ከከፈቷቸው የድሮ ቤቶች በአንዱ ማደር፣ ሐይቁን ደግሞ ማለዳ ሄዶ አይቶ ለምሳ መመለስ ይሻላል ባይ ነኝ። እርስዎ የሐረር ልጅ ስለሆኑ «በገዛ ከተማዬ እንግዳ ልሁን?» ይሉ ይሆናል። ሸንኮር አድጎ ከአንድ የጁገል ቤት ውስጥ አንድም ሌሊት ያላደረ ሰው ግን ጥቂት አይደለም።

እነዚህን ቤቶች ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ልጨምር። ከግቢው በር ሲገቡ ትልቁ ክፍል ወለሉ ቀይ ተቀብቶ፣ ነደባ በሚባሉ ከፍና ዝቅ ባሉ የመቀመጫ መደቦች ተከፍሎ ይገኛል፤ ግድግዳው በስፌትና በጌጠኛ ሳህን ተሸፍኗል። እያንዳንዱ ነደባ የራሱ ተቀማጭ አለው፤ አሚር ነደባ ለተከበረው ሰው የተጠበቀ ስለሆነ ካልተጋበዙ በቀር ዘው ብለው አይውጡበት፣ ልጆችንም አያስዘልሉበት። ጫማ ከደጃፍ ይወልቃል። መጠጥ ይዞ መግባት አይገባም። መጸዳጃውና መታጠቢያው ብዙውን ጊዜ በግቢው ለሁሉም የጋራ በመሆኑ አረጋውያን ካሉ ለሌሊቱ ባትሪ ያስፈልጋል፤ የጁገል መንገዶች አብዛኞቹ ለመኪና ጠባብ ስለሆኑም ሻንጣው ከበሩ በሰው እጅ ነው የሚገባው። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ እንግዳ የለመዱ ቤተሰቦች በርክተዋል፤ ሆኖም የሚቀበሉት በገዛ ቤታቸው ነውና የፎቶግራፍ ፈቃድ መጠየቅ አይዘንጋ።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ልንሄድ ነው። የማረፊያው ባለቤት «ልጆቼ በየቀኑ ይዋኙበታል፣ ምንም የለውም» አሉን። ማመን ይቻላል? (ወጣት ዳ.፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ባለቤቱ ዋሽተዋል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ልጆቻቸው መዋኘታቸው ውሃው ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ቢልሃርዚያ ያለበት ሰው ለዓመታት ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። በሽታው በውሃ ዳር ሣርና ቄጠማ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች በኩል ይመጣል፤ ከእነርሱ የሚወጣው ዓይን የማያየው እጭ ቆዳን በስቶ ይገባል። ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ ጣናና በወሎ የሚገኘው «ሐይቅ» የተባለው ሐይቅ ይህ በሽታ ከሚታወቅባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው። ላንጋኖ ግን ቡናማ መልኩ ቢያስፈራም ሶዳማ በመሆኑ ለቀንድ አውጣዎቹ አይመችም፤ ለዋና የሚመረጠውም በዚህ የተነሣ ነው። የት እንደምትሄዱ ስላልጻፍክልን ምርጫውን ለአንተ እንተዋለን። በሚያጠራጥር ውሃ ውስጥ ገብታችሁ ከሆነ ግን ወዲያውኑ መመርመር ብዙም አይጠቅምም፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁ ሰገራችሁን አስመርምሩ። ከተገኘባችሁ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣችኋል።

የቢሾፍቱ ሐይቆች ሌላ ጠባይ አላቸው። በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸውና ከዳሩ ጥቂት እርምጃ እንደሄዱ ወለሉ ይከዳል፤ ባቦጋያ ከ60 ሜትር በላይ ይጠልቃል። እንደ ወንዝ ቀስ እያለ የሚጠልቅ መስሎት የገባ ዋና የማያውቅ ሰው የሚያስጥለው ያጣል፤ ማረፊያው የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ያለው መሆኑን ጠይቁ። በብርድ ወራት ደግሞ የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ሲሰምጥ ከሥር ያለው አየር ያጠረው ውሃ ወደ ላይ ይወጣና ዓሣ የሚሞትበት፣ ሽታውም የሚለወጥበት ጊዜ አለ። ማንም መርዝ አልጨመረበትም፤ ሆኖም ተንሳፎ የተገኘ ዓሣ አይበላም። ስለ ወባም፣ ማረፊያው አጎበር ከሌለው የራሳችሁን ያዙ፤ ድሬዳዋ በውሃ በርሜል የምትራባ የወባ ትንኝ የገባባት ከተማ በመሆኗ ለእናንተ ይህን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ያረፍንበት ቤት ባለቤት እናት ልጄ ሲታመምብኝ ሌሊቱን አብረውኝ አነጉ፤ አጥሚትም ሠሩለት። ሂሳብ ስከፍል ለዚህ አንድ ብር አልቀበልም አሉኝ። ዘንድሮ ልመለስ ነው፤ ምን ላድርግ? (ወ/ሮ ሰ.፣ መጋላ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ገንዘቡን እንደገና ለመስጠት አይሞክሩ፤ ያስቀይማቸዋል። በሁለት ነገር ግን ውለታቸውን መመለስ ይቻላል። አንደኛው፣ ዘንድሮ የክፍሉን ዋጋ «ደንበኛ ነሽ» ብለው ሊቀንሱልዎ ቢሞክሩ እሺ አይበሉ፤ እርሳቸው የሚኖሩት በዚያ ገቢ ነው። ሁለተኛው ስጦታ ነው፦ አንድ ኪሎ ያልተቆላ የሐረር ቡና፣ ከመጋላ ደግሞ በዚያው ቀን የተሠራ ሐላዋና ሙሸበክ ይያዙላቸው። ሙሸበኩ በመንገድ ይለሰልሳልና ፌስታል ውስጥ አያፍኑት፤ በካርቶን ይሁን። ሲደርሱም ስጦታውን ለሠራተኛ ወይም ለልጆቻቸው አይስጡ። ለእርሳቸው በሁለት እጅ ያስረክቡ፤ ልጅዎንም «እማማ፣ ድኜ መጣሁ» ብሎ እንዲስማቸው አስቀድመው ይንገሩት።