ሚኒሞ ላይ 3,200 ያሳየኛል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ደብረ ሲና ነው። በስኩተሬ ቆሎ ወደ ሸዋሮቢት አወርዳለሁ፤ ስመለስ ሽንኩርት እጭናለሁ። ስኩተሩ የዙር መቁጠሪያ ስለሌለው፣ የሞተሩን ዙርም ሞተሩ የሠራበትን ሰዓትም የሚቆጥር ትንሽ ሜትር ገዝቼ ሽቦውን የካንዴላው ገመድ ላይ ጠመጠምኩት። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ጋዝ ሳልሰጥ ቆሜ፣ በደቂቃ 3,200 ዙር ይላል። ድምፁ ግን ዝግ ያለ ነው። ሚኒሞውን ዝቅ ሳደርገው ሞተሩ ይጠፋብኛል። የተበላሸው ሜትሩ ነው ሞተሬ? ሰዓቱንስ ልመነው?

መልስ፦ ሁለቱም ደህና ናቸው። መጀመሪያ ሚኒሞውን ወደነበረበት መልስልኝ። 3,200ን ለሁለት ስትከፍለው 1,600 ነው፤ ለስኩተር ደግ ሚኒሞ ነው።

ባለ አራት ምት ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በሁለት ዙር አንዴ ነው። በብዙዎቹ ስኩተሮች ካንዴላው ግን በየዙሩ እሳት ይሰጣል፤ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ጭሱ ሲወጣ እንዲያው በከንቱ። ያንተ ሜትር «በሁለት ዙር አንድ እሳት» ላይ ስላለ አንዷን እሳት ሁለት ዙር አድርጎ ይቆጥርልሃል። ሜትሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ያዝና «በአንድ ዙር አንድ እሳት» ላይ አድርገው። ሰዓቱን ግን እመነው። እሱ የሚያየው እሳት መኖሩን ብቻ ስለሆነ ዙሩ እጥፍ ቢታይም አይሳሳትም።

አጠማጠምህን አልጻፍክልኝም። 4 ወይም 5 ዙር ይበቃል፣ ገመዱን መብሳት የለም፤ ሞተሩ ጠፍቶ ይሠራ። እኔ እዚህ ደብረ ብርሃን ለአንድ ደንበኛ «ይጥበቅ» ብዬ 10 ዙር ጠምጥሜ፣ የተረፈውን ሽቦ በማርሚታው አጠገብ አሳለፍኩት። ስኩተሩ ቆሞ በሚኒሞ እየሠራ የሜትሩ ቁጥር 9,000 ድረስ ይዘልል ጀመር። ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ የሽቦው ልባስ ቀለጠ። በነጻ፣ ናስትሮ እየጠቀለልኩ፣ እንደ አዲስ ዘረጋሁለት። ሰውየው አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ብሆን ከዙሩ ይልቅ ለሰዓቱ ስል ነበር የምገዛው። ሸዋሮቢት ከባሕር ወለል 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ሲና ከእሷ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ዳገቱን፣ ቁልቁለቱን፣ ሞተር ሳታጠፋ ቆመህ ሽንኩርት ስታስጭን ያለፈውንም ቀላቅለን በአማካይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሄድክ እንበል። 2,000 ኪሎ ሜትር ላንተ 80 የሞተር ሰዓት ነው። ሜዳ ላይ በ40 የሚነዳ ሰው ያንኑ በ50 ሰዓት ይጨርሰዋል። መመሪያህ ዘይት በ2,000 ኪሎ ሜትር ቀይር ካለህ፣ አንተ 50 ሰዓት ሲሞላ ቀይር፤ ኪሎ ሜትሩን ተወው።

ዙሩም ሥራ አለው። ዳገቱ ላይ አንድ ኩርባ ምረጥ፤ ሙሉ ጭነት ይዘህ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ከፍተህ ስታልፍ ዙሩንና ፍጥነቱን ማስታወሻህ ላይ ጻፍ። ከወራት በኋላ እዚያው ቦታ ዙሩ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ከወረደ፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው ቺንጋ ማንሸራተት ጀምሯል ማለት ነው፤ ሳይበጠስብህ አስከፍተህ አሳየው። ወደ ጣርማ በር ወጥተህ ግን ሁለቱም አብረው ቢወርዱ ቺንጋውን አትጠርጥር፤ እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት አጥሮት ነው።