የብልት ቢልሃርዝያ፦ የሽንት ምርመራ ብቻውን አይበቃም
በሽንቷ ውስጥ የትል እንቁላል ያልተገኘባት ሴት ከብልት ቢልሃርዝያ ነጻ ናት ማለት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል፤ አይቻልም። በሽታውን የሚያመጣው ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም የተባለው ትል እንቁላሎች በማኅፀን በርና በብልት ግድግዳ ውስጥ ተቀብረው ስለሚቀሩ፣ የሽንት ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ጉዳቱ ሊኖር ይችላል። በመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ ወይም በኩርሙክ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ፣ ለማኅፀን በር ካንሰር በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ምርመራ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም አሲዱ ከመቀባቱ በፊት አሸዋ መሰል ቢጫ ነጠብጣቦችንና በቀላሉ የሚደሙ ሥፍራዎችን በጥሞና ይመልከቱ። ትሉ የሚይዘው በተበከለ ውሃ ስለሆነ፣ በልጅነቷ ወንዝ ወርዳ ትታጠብ እንደነበርም በአክብሮት ይጠይቋት፤ ብዙ ሴቶች የአባላዘር በሽታ አለባችሁ ተብለው የማይረዳቸውን መድኃኒት እየወሰዱ በኀፍረት መኖራቸው እጅግ ያሳዝነኛል። ለሕክምናው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በኪሎ ክብደት 40 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ትሉን ቢገድልም የቆየው ጠባሳ ላይጠፋ ይችላል።